የደከማችሁበት ምርምር በማን እጅ ነው?

የተከበራችሁ መምህራንና ተመራማሪዎች፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ የቤተ ሙከራ ባለሙያዎች፣ የምርምር ጽሕፈት ቤትና የአይሲቲ ባልደረቦች፣ እንደምን አረፈዳችሁ! ከሥራ ሰዓታችሁ ቀንሳችሁ ለዚህ ጉዳይ ስለተሰበሰባችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

በጥያቄ ልጀምር። አሁን በተቀመጣችሁበት፣ የምርምራችሁ ጥሬ ዳታ የት የት እንዳለ ልትነግሩኝ ትችላላችሁ? ዋናውን ቅጂ ብቻ ማለቴ አይደለም። በኢሜይል አባሪ አድርጋችሁ የላካችሁት፣ ተመርቆ ለሄደው ተማሪ በፍላሽ የሰጣችሁት፣ ከመለኪያ መሣሪያው ጋር በተገናኘው ኮምፒውተር ላይ የቀረው፣ ለጊዜው ተብሎ በቡድኑ የቴሌግራም ግሩፕ የተለቀቀው የት ነው? እያንዳንዱንስ ማን ሊከፍተው ይችላል? ይህን መመለስ የማይችል ቡድን ምንም ያህል ውድ ሶፍትዌር ቢገዛ ምርምሩን ጠብቋል ለማለት ያስቸግራል። መኖሩን የማናውቀውን ነገር እንዴት ብለን እንጠብቃለን?

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። ምርምርን መቆለፍ አለብን ልላችሁ አልመጣሁም። ዩኒቨርሲቲ በባሕርዩ ክፍት ነው፤ ዕውቀት ካልተጋራ አያድግም። በአውሮፓ የሚሠራበት መርህ ዳታ የተቻለውን ያህል ክፍት፣ የግድ የሚያስፈልገውን ያህል ደግሞ ዝግ ይሁን ይላል። ጥሩ መርህ ነው። ግን ምን ይከፈት፣ ለማን ይከፈት፣ መቼ ይከፈት የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? እኛ ነን ወይስ ቀድሞ የደረሰበት? የዛሬው ልመናዬ ይኸው ነው፤ ይህን ውሳኔ ሥራው ሳይጀመር እኛው እንወስነው፣ በጽሑፍም እናስፍረው።

አራት ነጥቦች አሉኝ። የመጀመሪያው አካውንታችንና ዳታችን ነው፤ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ሁለተኛው የሐሳባችን ባለቤትነት፣ ሦስተኛው ምርምር አላግባብ ጥቅም ላይ መዋሉ፣ አራተኛው አብረውን የሚሠሩ ሰዎችና ድርጅቶች። መዝጊያ ላይ አደጋ ሲደርስ በመጀመሪያው ሰዓት ምን እንደሚደረግ እነግራችኋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ።

በ2018 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ማብና ኢንስቲትዩት ከሚባል የኢራን ድርጅት ጋር የተያያዙ ዘጠኝ ሰዎችን ከሰሰ። በክሱ እንደተዘረዘረው ከ100,000 በላይ የፕሮፌሰሮች አካውንቶች ዒላማ ተደርገው 8,000 ያህሉ ተከፍተዋል። የተጎዱት 144 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችና በሌሎች 21 አገሮች የሚገኙ 176 ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። የወጣው የምርምር ጽሑፍና ዳታ 31.5 ቴራባይት ይደርሳል። ይህ ሁሉ የተሠራው በምንድን ነው? በኢሜይል ነው። መልእክቱ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ መምህር የመጣ ይመስላል። ጽሑፍዎን አንብቤ ወድጄዋለሁ፣ ሌሎች ተዛማጅ ጽሑፎችም ቢጨምሩልኝ ይላል፤ ከሥሩ ሊንክ አለ። ሊንኩ ሲነካ የሚመጣው የተመራማሪው የራሱ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ገጽ ነው፤ ቢያንስ ይመስላል። ሰውየው አካውንቴ ተዘግቶ ይሆናል ብሎ የይለፍ ቃሉን ያስገባል። አለቀ።

ልብ በሉ፣ ሥራውን አንብቤ ወደድኩት የሚል መልእክት የማያስደስተው ተመራማሪ የለም። አጥቂዎቹ የተጠቀሙት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጠንቀቅ በሉ የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃም፤ ሰው ይደክማል፣ ይቸኩላል፣ ይደሰታል። የሚያስፈልገን ብንሳሳትም የሚያድነን አሠራር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በኢሜይል በመጣ ሊንክ በኩል ፈጽሞ ሎግ ኢን አታድርጉ፤ አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉት ወይም አስቀድማችሁ ካስቀመጣችሁት ዕልባት ክፈቱት። የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ሶፍትዌር ተጠቀሙ። ጥቅሙ ረጅም የይለፍ ቃል ማስታወሱ ብቻ አይደለም፤ የይለፍ ቃሉን የሚሞላው በእውነተኛው አድራሻ ላይ ብቻ ነው። አንድ ቀን ሁልጊዜ የሚሞላላችሁ ሳጥን ባዶ ሆኖ ከቀረ፣ እጃችሁን ከኪቦርዱ አንሡና አድራሻውን ፊደል በፊደል አንብቡት። ምናልባት አንድ ፊደል ተቀይሯል።

ቀጥሎ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ። ሁሉም ዓይነት እኩል አይደለም። በስልክ መልእክት የሚመጣ ኮድ ከምንም ይሻላል፤ በአፕ የሚወጣው ኮድ ደግሞ ከእሱ ይሻላል። ሁለቱም ግን አንድ ድክመት ይጋራሉ፦ ሐሰተኛው ገጽ ኮዱን ከእናንተ ተቀብሎ በዚያው ቅጽበት ለእውነተኛው ገጽ ያስተላልፈዋል። ፊዶ በሚባለው የመግቢያ ደኅንነት መስፈርት የተሠራው አነስተኛ ቁልፍ፣ በኮምፒውተሩ የዩኤስቢ ቀዳዳ የሚሰካው፣ ይህን አያደርግም። መልስ የሚሰጠው ለተመዘገበበት አድራሻ ብቻ ስለሆነ ሐሰተኛ ገጽ ቢለምነው ዝም ይላል። በጀት ካነሰ ለሁሉም ሰው አትግዙ፤ ለሰርቨር አስተዳዳሪዎች፣ ለዋና ተመራማሪዎችና ጥብቅ ዳታ ለሚነኩ ሰዎች ግዙ፤ ለአንድ ሰው ግን ሁለት ሁለት፣ አንዱ ቢጠፋ እንዳይቆለፍበት። በሌሊት ስልካችሁ ላይ እናንተ ያልጠየቃችሁት "ይጽደቅ?" የሚል ጥያቄ ቢመጣ ደግሞ አንድ ሰው የይለፍ ቃላችሁን ይዟል ማለት ነው። ከልክሉና ወዲያው ቀይሩት። እንዲተወኝ ብላችሁ አታጽድቁ።

የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የደረሰበትን በራሱ ሪፖርት ለሕዝብ አውጥቷል፤ ይህን ማድረጉ የሚያስመሰግነው ነው። ጥቃቱ የጀመረው በኖቬምበር 2018 ለአንድ ከፍተኛ የሥራ ኃላፊ በተላከ ኢሜይል ነው። ሊንክ መንካት እንኳን አላስፈለገም፤ መልእክቱ መታየቱ በቃ። ከዚያ አጥቂዎቹ ወዴት ሄዱ? ሊወገድ ታስቦ ሳይወገድ ወደ ቀረ አሮጌ ሰርቨር። የሙከራ ሶፍትዌር ነበረበት፣ ማንም አያስታውሰውም፣ ወደ ብዙ የኔትወርኩ ክፍሎች ግን መንገድ ነበረው። የተደረሰባቸው በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ሊደርሱባቸው የቻሉት መዝገቦችም እስከ 19 ዓመት ወደ ኋላ የሚሄዱ ነበሩ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በየቤተ ሙከራው ጥግ ስንት አሮጌ ኮምፒውተር አለ? የመሣሪያው ሶፍትዌር በአዲሱ ዊንዶውስ ስለማይሠራ በዊንዶውስ 7፣ አንዳንዴም በኤክስፒ የሚሠራ፣ ከስፔክትሮሜትሩ ወይም ከማይክሮስኮፑ ጋር የተገናኘ። መሣሪያው ውድ ነው፤ ጣሉት አልላችሁም። ነገር ግን ከኢንተርኔት ነቅላችሁ በተለየ የኔትወርክ ክፍል ውስጥ አስቀምጡት፤ ኢሜይል አይከፈትበት፤ ዳታው ወደ አንድ የተወሰነ ማከማቻ ብቻ ይውጣ፤ ፍላሽ የግድ ከሆነ ለዚያ መሣሪያ ብቻ የተመደበ፣ በሌላ ኮምፒውተር ቫይረስ የተፈተሸ ፍላሽ ይሁን።

የሚሄዱ ሰዎች ጉዳይም አለ። ተማሪው ይመረቃል፣ ድኅረ ዶክትሬቱ ያልቃል፣ አካውንቱ ግን ይኖራል። የመልቀቂያ ወረቀት ላይ የቤተ መጻሕፍት ማኅተም እንደሚጠየቅ ሁሉ የዳታ ማኅተምም ይጠየቅ። የኢሜይልና የሰርቨር መግቢያው የሚዘጋበት ቀን፣ የክላውድ ፎልደሮች ባለቤትነት ወደ ዋና ተመራማሪው መዛወሩ፣ የኮድ ማከማቻው መብት መነሣቱ፣ የጋራ የይለፍ ቃሎች መቀየራቸው፣ የቤተ ሙከራ ቁልፍና ካርድ መመለሱ፣ የማስታወሻ ደብተሩ መረከቡ። ይህን ሁሉ ሰውየው ከመሄዱ በፊት አድርጉት። ከሄደ በኋላ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ዳታውን ደግሞ በሦስት ደረጃ መድቡት፤ ከሦስት በላይ ከሆነ ሰው አይከተለውም። ክፍት፣ ውስን፣ ጥብቅ። ክፍቱ የታተመው ነው። ውስኑ ያልታተመ ውጤት፣ ረቂቅ፣ ፕሮፖዛል፣ ኮድ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በሚያስተዳድረው ማከማቻ ብቻ ይቀመጣል፣ በግል ኢሜይል አይላክም። ጥብቁ የተሳታፊዎች ማንነት፣ የሕክምና መረጃ፣ ፓተንት ያልተጠየቀለት ፈጠራ፣ በውል በምስጢር የተያዘ ነገር ነው፤ በስም ለተዘረዘሩ ሰዎች ብቻ፣ ማን መቼ እንደከፈተው በሚመዘግብ ሰርቨር ላይ። ዳታው ያለበት ላፕቶፕ ሁሉ ሙሉ ዲስኩ ይመሥጠር፤ በዊንዶውስ ቢትሎከር፣ በማክ ፋይልቮልት፣ በሊኑክስ ሉክስ አለ። የመክፈቻ ቁልፉን ግን ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ አታኑሩት። ደግሞም አስታውሱ፦ ዲስክ መመሥጠር የሚጠቅመው ላፕቶፑ ጠፍቶ እያለ ሲሰረቅ ነው። ክዳኑን ብቻ ገጥማችሁ ብታስቀምጡት ቁልፉ ማህደረ ትውስታው ውስጥ እንዳለ ነው፤ ስትጓዙ ሙሉ በሙሉ አጥፉት።

ኮድ የምትጽፉ አንድ ቃል ስሙኝ። የሰርቨር ቁልፍ ወይም የይለፍ ቃል ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ በስሕተት ከወጣ ፋይሉን መሰረዝ አያድንም፤ የለውጦቹ ታሪክ ውስጥ ተቀምጧል፣ ይህንኑ የሚለቅሙ ፕሮግራሞችም ሌት ተቀን ይዞራሉ። መፍትሔው ቁልፉን ወዲያው መሻርና አዲስ ማውጣት ነው። ታሪኩን ማጽዳት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ረቂቅ ጽሑፍን ወይም እንድንገመግመው የተሰጠንን የሌላ ሰው ፕሮፖዛል በሰው ሠራሽ አስተውሎት ቻት ላይ መለጠፍስ? በምስጢር የተሰጣችሁን ነገር ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ገምጋሚዎቹን በ2023 ይህን እንዳያደርጉ በግልጽ ከልክሏል። በራሳችሁ ሥራ ላይ ቢሆን እንኳ ዩኒቨርሲቲው ውል የገባበትን አገልግሎት ተጠቀሙ፤ የጥብቅ ደረጃ ዳታ ግን በጭራሽ አይግባበት።

ከዚህ ነጥብ ሳልወጣ ስለ ባክአፕ። የማስትሪኽት ዩኒቨርሲቲ በኔዘርላንድስ በዲሴምበር 23 ቀን 2019 በራንሰምዌር፣ ማለትም ፋይል ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ በሚጠይቅ ፕሮግራም፣ ተመታ። 267 ሰርቨሮች ተቆለፉ። አጥቂዎቹ የገቡት ግን በኦክቶበር ነው፤ ሁለት ወር ያህል ውስጥ ሆነው ሲያጠኑ ነበር። አንዳንዶቹ ባክአፖች በዚያው ኔትወርክ ላይ ስለነበሩ አብረው ተቆለፉ፤ ዩኒቨርሲቲው 30 ቢትኮይን፣ በወቅቱ ዋጋ 200,000 ዩሮ ገደማ፣ ከፈለ። በ2021 መጨረሻ ደግሞ በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሌባ ሳይኖር 77 ቴራባይት የሚሆን 34 ሚሊዮን ያህል ፋይል ጠፋ፤ በመሥራት ላይ ያለ የባክአፕ ስክሪፕት በአዲስ ስለተተካ ስክሪፕቱ ፋይሎችን ሰረዘ። የአንዳንድ ቡድኖች ዳታ እስከ መጨረሻው አልተመለሰም።

ስለዚህ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ በሌላ ቦታ። ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሁለት ነገር ጨምሩበት። አንዱ ቅጂ ከኔትወርክ የተነቀለ ይሁን፤ የተሰካ ሐርድ ዲስክ ለራንሰምዌር ከዋናው ፋይል አይለይም። በየሦስት ወሩ ደግሞ አንድ ፎልደር ከባክአፑ መልሳችሁ ክፈቱ። ከፍታችሁ ያላያችሁትን ባክአፕ አለኝ አትበሉ። ጥሬ ዳታ ከመሣሪያው እንደወጣ የኤስ ኤች ኤ 256 አሻራውን፣ ማለትም ፋይሉ ትንሽ ቢነካ የሚለወጠውን መለያ ኮድ፣ አስልታችሁ መዝግቡ፤ ከዓመት በኋላ ፋይሉ አልተነካም ብላችሁ የምታሳዩበት ማስረጃ ያ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ የሐሳባችን ባለቤትነት። እዚህ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሌባ አያስፈልግም፤ መብታችንን በገዛ አፋችን እንጥለዋለን። በአውሮፓ የፓተንት ሕግ አንድ ፈጠራ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት በየትኛውም መንገድ ለሕዝብ ከተገለጸ አዲስነቱን ያጣል። ጆርናል ብቻ አይምሰላችሁ። የጉባኤ አጭር መግለጫ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፖስተር፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ የቴሲስ ዲፌንስ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ላይ የተጫነ ቴሲስ፣ ሁሉም ይቆጠራሉ።

ስታንሊ ኮኸንና ኸርበርት ቦየር ዲኤንኤ ቆርጦ የማጣመር ዘዴያቸውን በኖቬምበር 1973 አሳተሙ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የፓተንት ማመልከቻ የገባው ኖቬምበር 4 ቀን 1974 ነው፤ የአሜሪካ ሕግ ለራሱ ለፈጣሪው የሚሰጠው የአንድ ዓመት ጊዜ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት። በአሜሪካ ተረፉ። በሌላው ዓለም ግን ጽሑፉ አስቀድሞ ወጥቶ ነበርና መብቱ ቀረ። ፓተንቱ በአሜሪካ ብቻ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቷል፤ የቀረውን እናንተ ገምቱት።

ታዲያ አናሳትም ማለት ነው? በፍጹም! ቅደም ተከተሉን ጠብቁ ነው። ውጤቱ ሊጠቅም ይችላል ብላችሁ ስትጠረጥሩ ለዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ሽግግር ጽሕፈት ቤት የፈጠራ ማሳወቂያ ቅጽ ሙሉ፤ እነሱ ይመርምሩ፤ ማመልከቻው ይግባ፤ በማግሥቱ ጽሑፋችሁን ላኩ። ቀድሞ ከተጀመረ የሚያዘገየው ጥቂት ሳምንታት ነው። ቴሲሱ አስቸኳይ ከሆነ ፈታኞቹ የምስጢር ስምምነት ይፈርሙ፣ ጽሑፉም ለስድስት ወይም ለ12 ወራት ሳይለቀቅ እንዲቆይ ጠይቁ። የፕሪፕሪንት፣ ማለትም ጆርናል ሳይገመግመው በኢንተርኔት የሚለቀቅ ጽሑፍ፣ ነገርም እዚህ ላይ ይነሣል። ፕሪፕሪንት ቀኑ የታተመበት ስለሆነ ቀድሜ ሠራሁት ለማለት ጥሩ ምስክር ነው። በ2016 አንድ የሕክምና ጆርናል ውድቅ ያደረገውን ጽሑፍ ገምጋሚው የራሱ አስመስሎ ሌላ ቦታ አሳትሞት ተገኝቶ ነበር፤ ፕሪፕሪንት እንዲህ ካለው ነገር ይጠብቃል። ፓተንትን ግን ልክ እንደ ጆርናሉ ይገድላል። ስለዚህ የትኛውን እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ወስኑ።

የቤተ ሙከራ ማስታወሻ ደብተር አሁንም ዋጋ አለው። የተጠረዘ፣ ገጹ ቁጥር ያለው፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ ይሁን። ስሕተት በአንድ መስመር ይሰረዝ፣ አይፋቅ፣ በነጭ ቀለም አይሸፈን። ባዶ የቀረ ቦታ በሰያፍ መስመር ይዘጋ። በየገጹ ፊርማና ቀን፤ ሥራው የሚገባው ነገር ግን በፈጠራው ድርሻ የሌለው ባልደረባ በምስክርነት ይፈርም። አሜሪካም ከማርች 2013 ጀምሮ ፓተንትን ቀድሞ ለፈጠረ ሳይሆን ቀድሞ ላመለከተ ወደሚሰጥ ሥርዓት ስለዞረች ደብተር አያስፈልግም የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ማን ምን አበረከተ የሚለው ክርክር ሲነሣ፣ በተማሪና በአማካሪ መካከልም ሲሆን፣ ሌላ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ናሙና ስትልኩ ደግሞ ያለ ናሙና ማስተላለፊያ ውል አንዲት ቱቦ አትውጣ። ውሉ ላይ ናሙናው ለየትኛው ጥናት እንደሚውል፣ ለሦስተኛ ወገን እንዳይተላለፍ፣ ከእሱ የሚገኝ ዝርያም ሆነ የዘረ መል ቅደም ተከተል የማን እንደሆነ፣ በኅትመት ላይ ስማችን እንዴት እንደሚጠቀስ፣ ጥናቱ ሲያልቅ የተረፈው ይመለስ ወይስ ይወገድ፣ ሁሉም ይጻፍ። ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የናጎያ ፕሮቶኮል ለዘረ መል ሀብቶች ፈቃድንና የጥቅም ክፍፍልን የሚመለከት ዓለም አቀፍ መሠረት ነው። በስልክ ተስማምተናል፣ ወዳጄ ነው ማለት አይሠራም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ወረቀቱ ለእኛም ይያዝልን።

ሦስተኛው ነጥብ አላግባብ መጠቀም ነው። ዳታው ሳይሰረቅ፣ በፈቃድ በተሰጠ ዳታ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

በአሜሪካ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1990 ጀምሮ ሃቫሱፓይ ከሚባለው የአገሩ ነባር ሕዝብ ደም ወሰዱ። ሰዎቹ ደማቸውን የሰጡት ስለ ስኳር በሽታ ይጠናል ብለው ነው። በኋላ ግን ናሙናው ስለ ስኪዞፍሬኒያና ሕዝቡ ከየት እንደፈለሰ ለሚጠና ጥናት ዋለ። ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ2010 በ700,000 ዶላርና በናሙናው መመለስ በስምምነት ተዘጋ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረ አሌክሳንደር ኮጋን የተባለ መምህርም ለምርምር በሚል አንድ የፌስቡክ አፕ አዘጋጀ። አፑን የተጠቀሙት 270,000 ያህል ሰዎች ሲሆኑ በእነሱ በኩል የተሰበሰበው መረጃ እስከ 87 ሚሊዮን ሰው ደረሰ፤ ከዚያም ካምብሪጅ አናሊቲካ ለሚባል ድርጅት የፖለቲካ ሥራ ተላለፈ። ተሳታፊ ሲፈርም አደራ ነው የሚሰጠን። የስምምነት ቅጹ ላይ ያልተጻፈ ጥናት ሲመጣ ወደ ሥነ ምግባር ኮሚቴው ተመለሱ፤ አማካሪው ሲፈቅድ ብቻ አይበቃም።

ስም ከዳታው ሰርዘናል፣ ከዚያ በኋላ ችግር የለም የምትሉ አላችሁ? በ1990ዎቹ የማሳቹሴትስ ግዛት ስማቸው የተሰረዘበትን የሠራተኞቹን የሕክምና መዝገብ ለተመራማሪዎች ሰጠ። ላታንያ ስዊኒ፣ ያኔ ተማሪ ነበረች፣ የከተማውን የመራጮች መዝገብ በ20 ዶላር ገዝታ የትውልድ ቀንን፣ ጾታንና የፖስታ ኮድን አስተያየች። የግዛቱን አስተዳዳሪ የዊልያም ዌልድን የሕክምና መዝገብ ለይታ አወጣችው። ሦስት ተራ መረጃ! ስለዚህ ከትውልድ ቀን ይልቅ የዕድሜ ክልል ተጠቀሙ፤ ትንሹን ሰፈር ወደ ሰፊው አካባቢ ጠቅልሉት፤ በሠንጠረዥ ውስጥ ከአምስት ሰው በታች ያለበትን ሳጥን አታሳትሙ፤ ስምና ኮድ የሚያገናኘው ፋይል በሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰው እጅ፣ ተመሥጥሮ ይቀመጥ። የድምፅ ቅጂ፣ የፊት ምስል፣ ሙሉ የዘረ መል ዳታ ግን ስም በመሰረዝ አይደበቅም፤ በቁጥጥር ብቻ ነው የሚሰጠው።

ለበጎም ለክፉም የሚውል ምርምርም አለ። በ2022 አዲስ መድኃኒት የሚፈልግ ሞዴል የሠሩ ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳተሙ። ሞዴሉ መርዛማነትን እንዲያስወግድ የሚያደርገውን አቅጣጫ ገለበጡት። ከስድስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ 40,000 ያህል ሞለኪውሎች አወጣ፤ ቪኤክስ የሚባለው የነርቭ መርዝም ከእነሱ መካከል ነበር። በ2011 ደግሞ የኤች 5 ኤን 1 የወፍ ጉንፋን በአጥቢ እንስሳት መካከል በአየር እንዲተላለፍ ያደረጉ ሁለት ጥናቶች ሊታተሙ ሲሉ የአሜሪካ የባዮ ደኅንነት አማካሪ ቦርድ ዝርዝሩ እንዳይወጣ መከረ። ረጅም ክርክር ተደረገና በ2012 ታተሙ። የተደረገው ክርክር በራሱ መልካም ነው፤ ያሳዘነኝ የመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላል። ጥያቄዎቹ ፕሮፖዛሉ ላይ ይግቡ፦ ይህ ውጤት በክፉ እጅ ቢገባ የከፋው ነገር ምንድን ነው? ያን ለማድረግ ምን ያህል ሙያና ገንዘብ ይጠይቃል? ጥቅሙን ሳንጎዳ የትኛውን ዝርዝር ልንይዘው እንችላለን? በመሐል ያልጠበቅነው አደገኛ ውጤት ቢመጣ ሥራውን አቁመን ለማን እንነግራለን?

አራተኛውን አሳጥራለሁ፤ አብረውን የሚሠሩ። ጆን ሮት የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የፕላዝማ ፊዚክስ ፕሮፌሰር ነበሩ። ለአየር ኃይል ድሮን የሚሆን ቴክኖሎጂ ላይ ሲሠሩ ቁጥጥር የሚደረግበትን የቴክኒክ መረጃ ለውጭ አገር ተማሪዎች ከፈቱ፣ ላፕቶፓቸውንም ይዘው ወደ ቻይና ተጓዙ። የዩኒቨርሲቲው የኤክስፖርት ቁጥጥር ባለሙያ አስቀድማ አስጠንቅቃቸው ነበር። በ2008 ጥፋተኛ ተባሉ፣ አራት ዓመት ተፈረደባቸው። ኤክስፖርት ማለት በኮንቴይነር መላክ ብቻ አይደለም፤ ኢሜይልም፣ ገለጻም፣ ላፕቶፕ ይዞ ድንበር ማለፍም ነው። ስትጓዙ የሚያስፈልጋችሁን ስላይድ ብቻ የያዘ ባዶ ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስትመለሱም ከቤተ ሙከራው ኔትወርክ ሳታገናኙት ይጽዳ።

የሃርቫርድ ኬሚስት የነበሩት ቻርልስ ሊበር በ2021 ጥፋተኛ የተባሉት ምስጢር ሰርቀው አይደለም፤ ከቻይና ዩኒቨርሲቲ ጋር ስለነበራቸው የሚከፈልበት ውል ለመርማሪዎች የተሳሳተ ቃል በመስጠታቸውና በግብር ጉዳይ ነው። ስለዚህ የሚከፈልበትም የማይከፈልበትም ሹመት፣ የማማከር ሥራ፣ የውጭ ድጋፍ፣ ሁሉም በየዓመቱ በጽሑፍ ይገለጽ። የተገለጸ ነገር ብዙውን ጊዜ ችግር የለውም።

ነገር ግን አደራ፣ አደራ! ጥንቃቄ ማለት ሰውን በዜግነቱ መጠርጠር አይደለም። በቴምፕል ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የሆኑት ሺ ሺያኦሺንግ በ2015 የመሣሪያ ንድፍ ለቻይና ሰጥተዋል ተብለው ታሰሩ። ሌሎች የፊዚክስ ሊቃውንት ንድፉን ሲያዩት የተባለው መሣሪያ አለመሆኑን መሰከሩ፤ ክሱ በወራት ውስጥ ተነሣ። በሰውየውና በቤተሰባቸው ላይ የደረሰው ግን እንዲሁ አይነሣም። የሚመረመረው ሥራውና ውሉ ነው፦ ገንዘቡ ከየት ይመጣል፣ ውጤቱን በመጨረሻ ማን ይጠቀምበታል፣ አጋሩ ኅትመትን ሊከለክል ይችላል ወይ፣ የትኛውን ዳታና ክፍል ያገኛል፣ ሽርክናው ሲያበቃ ምን ይመልሳል? ይኸው ጥያቄ ለሁሉም አጋር፣ ለሩቁም ለቅርቡም፣ በእኩል ይቅረብ።

የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ደርሰናል። ሊንኩን ነካችሁ እንበል፣ ወይም ፋይሎቻችሁ ስማቸው ተቀይሮ አገኛችኋቸው። ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ ንቀሉ፤ ኬብሉንም ዋይፋዩንም። የአይሲቲ ባለሙያ ሳይነግራችሁ ግን አታጥፉት፤ ማህደረ ትውስታው ውስጥ ያለው ማስረጃ ይጠፋል። ምንም አትሰርዙ፣ ዊንዶውስ እንደገና አትጫኑ። ሰዓቱንና ያያችሁትን በወረቀት ጻፉ፤ ስክሪኑን በስልክ አንሱ። በሌላ ንጹሕ መሣሪያ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ፣ በሁሉም መሣሪያ ላይ የተከፈተውን ሁሉ ዝጉ። ከዚያ ብዙ ሰው የሚረሳው አለ፦ የኢሜይላችሁን ማስተላለፊያ ደንብ ክፈቱና እዩ። አጥቂ አካውንት ሲከፍት የምትቀበሉትን ሁሉ ወደ ሌላ አድራሻ የሚልክ ደንብ ትቶ ይሄዳል፤ የይለፍ ቃሉ ቢቀየርም ደንቡ መሥራቱን ይቀጥላል። ከዚያ ለአይሲቲና ለምርምር ጽሕፈት ቤት ደውሉ፤ በተጠቃው ኢሜይል ሳይሆን በስልክ። የተሳታፊዎች መረጃ ካለበት የሥነ ምግባር ኮሚቴውና ገንዘብ ሰጪው ይነገራቸው፤ የአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ ለሚመለከተው ፕሮጀክት ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን የማሳወቂያው ጊዜ ጥሰቱ ከታወቀ በኋላ 72 ሰዓት ነው።

እናንተ ኃላፊዎች፣ እባካችሁ፣ ነካሁት ብሎ የመጣውን ተማሪ አትቆጡት። ዛሬ የተቆጣችሁት ተማሪ በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት ሳምንት ይደብቀዋል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ማስትሪኽት ላይ የሆነውን ሰምታችኋል። ስሙና ስልክ ቁጥሩ በየቤተ ሙከራው በር ላይ የተለጠፈ አንድ ተጠሪ መድቡ፤ ተማሪው በሌሊትም ቢሆን ማንን እንደሚጠራ ይወቅ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ማይክሮፎኑ ከኋላ ረድፍ ይጀምር፤ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሂድ።